ማዘዝ ሌላ፣ መፈጸም ሌላ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ለአንድ አነስተኛ የቁጠባና ብድር ማኅበር የኮምፒውተር ሥራ እሠራ ነበር፡፡ ከማኅበሩ አባላት የሚበዙት ከተማዋን ከከበቡት የሌሞ ወረዳ ቀበሌዎች የሚመጡ ገበሬዎችና አነስተኛ ነጋዴዎች ናቸው፡፡ በገበያ ቀን መጥተው ያላቸውን ያስቀምጣሉ፤ ደብተራቸው ላይ ይጻፍላቸዋል፤ ያው ሒሳብ ኮምፒውተር ውስጥም ይገባል፡፡

ከተሰጡኝ ሥራዎች አንዱ የመጠባበቂያ ቅጂ፣ በተለምዶ ‹‹ባክአፕ›› የምንለው ነበር፡፡ ሁልጊዜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ በራሱ ተነስቶ የሒሳቡን ዳታቤዝ ወደ አንድ ፋይል የሚገለብጥ፣ ከዚያም ያንን ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ወደሚያድር ፍላሽ የሚወስድ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ፡፡ ሞከርኩት፣ ሠራ፡፡ የ7 ሌሊት ቅጂዎች ፍላሹ ላይ ተደርድረው ሳይ በሥራዬ ረክቼ ወደ ሌላ ጉዳዬ ሄድኩ፡፡

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ተበላሸ፡፡ ደውለው ሲነግሩኝ ‹‹አትጨነቁ፣ ቅጂ አለ›› አልኩ፡፡ ሄጄ ፍላሹን ከፈትኩት፡፡ ሰባቱም ፋይሎች ነበሩ፡፡ ሰባቱም ግን ጎደሎ ነበሩ፡፡ የብድሩ መዝገብና የአባላቱ ስም ዝርዝር ሙሉ ሲሆን፣ የዕለት ገቢና ወጪው መዝገብ መሐል ላይ እንደተቀደደ ወረቀት ተቆርጦ ቀርቷል፡፡ ሌላ ቦታ የተገኘው ሙሉ ቅጂ የ5 ወር ዕድሜ ነበረው፡፡

የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው፡፡ ‹‹ልጄ፣ በየሌሊቱ ይሠራል ብለኸን አልነበረም እንዴ?›› አሉኝ፡፡

‹‹ሠርቷል እትዬ፣ ግን ሳይጨርስ ነው የተወው›› ስላቸው፣ ‹‹ያልጨረሰ ሠራ ይባላል?›› ብለው ዝም አሉ፡፡

የአምስቱ ወር ሒሳብ ከአባላቱ ደብተር እየታየ እንደገና ተመዘገበ፡፡ ብዙ የገበያ ቀን ፈጀ፡፡ ከአባላቱ መሐል የአንድ ሽማግሌ ደብተር በዝናብ ርሶ ጽሕፈቱ ተበላሽቶ ነበር፡፡ ምን ያህል እንዳስቀመጡ በቃላቸው ያውቃሉ፤ ማስረጃው ግን የነበረው እኛ ጋ ነው፣ እኛ ጋም ጠፍቷል፡፡ ማኅበሩ ቃላቸውን ተቀብሎ ጻፈላቸው፡፡ ባይቀበላቸው ኖሮ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የእኔ ነበር፡፡ ምክንያቱም ስክሪፕቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፡፡

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ደመወዝ የሚያሰላ፣ ሪፖርት የሚልክ፣ ቅጂ የሚያስቀምጥ ስክሪፕት አይጠፋም፡፡ ብዙዎቹ የኔን ስህተት ይደግማሉ ብዬ ስለምፈራ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ፡፡

አለቃውና መልዕክተኞቹ

ስክሪፕት ማለት በተርታ የተጻፈ የትዕዛዝ ዝርዝር ነው፡፡ ራሱ የሚሠራው ጥቂት ነው፡፡ ዳታቤዙን የሚገለብጠው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ፋይሉን የሚጨምቀው ሌላ ነው፤ በኔትወርክ የሚልከው ደግሞ ሌላ፡፡ ስክሪፕቱ እንደ አለቃ ‹‹አንተ ይህን፣ አንተ ያንን›› እያለ ያዛል፡፡ ጥያቄው አለቃው አንዱን ልኮ እስኪመለስ ይጠብቃል ወይስ ወዲያው ሁለተኛውን ይልካል የሚለው ነው፡፡

ደስ የሚለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይጠብቃል፡፡ በሊኑክስ ሼልም ሆነ በዊንዶውስ ባች ፋይል ውስጥ አንድ ትዕዛዝ በተለመደው መንገድ ሲጻፍ፣ የታዘዘው ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ እስኪወጣ ቀጣዩ መስመር አይነበብም፡፡ ይህ የቆየ ሐሳብ ነው፡፡ ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው የመጀመሪያው መመሪያ ውስጥ እንኳ ‹‹ዌይት›› ወይም ‹‹ጠብቅ›› የሚል ጥሪ አለ፡፡ በዚያ ሥርዓት አዛዡ ፕሮግራም ‹‹ወላጅ››፣ ታዛዡ ‹‹ልጅ›› ይባላል፡፡ ልጁ ሥራውን ጨርሶ ሲሞት ወላጁ ውጤቱን መቀበል አለበት፡፡ ካልተቀበለው ልጁ ‹‹ዞምቢ›› ተብሎ ከዝርዝሩ ሳይሰረዝ ይቆያል፡፡ ስሙ ቢያስቅም ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የላኩትን ሰው ‹‹ምን አደረስክ?›› ሳይሉ መተው ነውር ነው፡፡

ታዲያ የኔ ስክሪፕት ለምን አልጠበቀም? እንዳይጠብቅ ያደረግኩት እኔው ነኝ፡፡ መጀመሪያ ስሞክረው ዳታቤዙ እስኪገለበጥ ጥቁሩ መስኮት ምንም ሳይናገር ቆመ፡፡ የተበላሸ መሰለኝና ከትዕዛዙ ፊት ‹‹ስታርት›› የሚለውን ቃል ጨመርኩ፡፡ በዊንዶውስ ባች ፋይል ውስጥ ‹‹ስታርት›› ማለት ‹‹አስጀምረውና እለፍ›› ማለት ነው፡፡ መስኮቱ መቆሙን ተወ፡፡ ነገር ግን መገልበጡ ገና ሳያልቅ ቀጣዩ መስመር ያልሞላውን ፋይል ወደ ፍላሹ ወሰደው፡፡ ይህን ሳይ መጀመሪያ ወዳበላሸሁት መስመር መመለስ ነበረብኝ፡፡ እኔ ግን በሁለቱ መሐል የ5 ደቂቃ ዕረፍት አስገባሁ፡፡

ግምት ጥበቃ አይደለም

ያኔ መገልበጡ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም ነበር፡፡ 5 ደቂቃ ከበቂ በላይ መሰለኝ፡፡ ይሁን እንጂ ማኅበሩ አደገ፣ መዝገቡ በየገበያው ቀን ወፈረ፣ ኮምፒውተሩም አረጀ፡፡ አንድ ሌሊት ላይ 5 ደቂቃው አነሰ፡፡ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በየቀኑ የሚወሰደው ፋይል ግማሽ ፋይል ሆነ፡፡ የማንቂያ ድምፅ የለም፤ የስህተት መልዕክት የለም፤ ፍላሹ ላይ አዲስ ፋይል ይታያል፡፡ በሰባት ቀን ውስጥ ጎደሎዎቹ ሙሉዎቹን ገፍተው አስወጧቸው፡፡

‹‹ስሊፕ›› ወይም ‹‹ታይምአውት›› በሚሉ ትዕዛዞች ስክሪፕትን ለተወሰነ ደቂቃ ማስተኛት የተለመደ ነው፡፡ ይህ ግን ከጥበቃ ይልቅ ለግምት ይቀርባል፡፡ ግምቱ ከበዛ ጊዜ ይባክናል፤ ካነሰ ሥራው ይበላሻል፡፡

በሐዲያና በከምባታ ቤት ቆጮ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያየ ሰው ልዩነቱን በቀላሉ ይረዳዋል፡፡ እንሰቱ ተፍቆ በቅጠሉ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል፡፡ እስኪብላላ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል፡፡ ደጋ ከሆነ ይዘገያል፣ ሞቅ ያለ ቦታ ከሆነ ይፈጥናል፡፡ ባለሙያዋ እናት ጉድጓዱን የምትከፍተው ቀን ቆጥራ ብቻ አይደለም፡፡ ገልጣ ታያለች፣ በእጇ ትዳስሳለች፣ ታሸታለች፡፡ ካልደረሰ መልሳ ትሸፍነዋለች፡፡ ስክሪፕትም እንዲሁ መጠየቅ ያለበት ‹‹ስንት ደቂቃ ሆነው?›› ብሎ ሳይሆን ‹‹ደርሷል ወይ?›› ብሎ ነው፡፡

የኔ መድኃኒት አንድ ቃል ነበር፡፡ ‹‹ስታርት››ን ማጥፋት ወይም ግድ ካስፈለገ ከ‹‹ስታርት›› ቀጥሎ ‹‹/ዌይት›› የሚለውን ማዘዣ መጨመር፡፡ 5 ደቂቃዋም ያኔ አታስፈልግም፡፡

በየቋንቋው

አንባቢ በየትኛው መሣሪያ እንደሚሠራ ስለማላውቅ ዋና ዋናዎቹን ልጥቀስ፡፡

በዊንዶውስ ባች ፋይል ውስጥ ሌላም ወጥመድ አለ፡፡ ከአንድ ባች ፋይል ሌላ ባች ፋይል ስንጠራ ‹‹ኮል›› የሚለውን ቃል ካላስቀደምን፣ ሁለተኛው ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው መመለስ የለም፡፡ የቀሩት መስመሮች ጨርሶ አይሠሩም፡፡

በፓወርሼል ‹‹ስታርት-ፕሮሰስ›› የሚለው ትዕዛዝ ‹‹-ዌይት›› ካልተጨመረለት አይጠብቅም፡፡ በድሮዎቹ የቪቢስክሪፕት ፋይሎች ውስጥ ደግሞ ‹‹ራን›› ለሚለው ትዕዛዝ ሦስተኛ ሆኖ የሚሰጠው ዋጋ ነው የሚወስነው፤ ‹‹ትሩ›› ካልተባለ ስክሪፕቱ አይጠብቅም፡፡ ማይክሮሶፍት ቪቢስክሪፕትን ከዊንዶውስ ደረጃ በደረጃ እንደሚያስወጣ እ.ኤ.አ. በ2023 ስላስታወቀ፣ በዚህ ቋንቋ የተጻፈ ነገር ያለው መሥሪያ ቤት ከወዲሁ ቢያስብበት ይሻላል፡፡

በሊኑክስ ሼል ከትዕዛዙ መጨረሻ የ‹‹&›› ምልክት ካለ ፕሮግራሙ ከጀርባ ይሠራል፤ ስክሪፕቱም ሳይጠብቅ ያልፋል፡፡ የላካቸውን መልሶ ለመጠበቅ ‹‹ዌይት›› ይባላል፡፡ በፓይተን ‹‹ሰብፕሮሰስ›› ከሚባለው ክፍል ‹‹ራን›› ይጠብቃል፣ ‹‹ፒ-ኦፕን›› ግን አስጀምሮ ያልፋል፡፡

ጨረሰ ማለት ተሳካለት ማለት አይደለም

መጠበቅ የመጀመሪያው ግማሽ ነው፡፡ የተላከ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ‹‹አደረስኩ›› ሊል ይችላል፤ ‹‹በሩ ተዘግቶ አገኘሁት›› ሊልም ይችላል፡፡ ሁለቱም ተመልሰዋል፡፡

ፕሮግራሞችም ሲወጡ አንድ ቁጥር ትተው ይወጣሉ፡፡ በልማድ 0 ማለት ‹‹በሰላም ጨርሻለሁ››፣ ሌላ ማንኛውም ቁጥር ደግሞ ‹‹ችግር ገጥሞኛል›› ማለት ነው፡፡ በባች ፋይል ‹‹ኤረርሌቭል››፣ በሊኑክስ ሼል ‹‹$?›› ይህንን ቁጥር ይዘው ይቆያሉ፡፡ በሁለት ትዕዛዞች መሐል ‹‹&&›› ሲገባ ደግሞ ‹‹ፊተኛው ከተሳካ ብቻ ኋለኛውን ሥራ›› ማለት ነው፡፡ በፓይተን ‹‹ራን›› ላይ ‹‹ቼክ›› የሚለው ‹‹ትሩ›› ሲደረግ፣ ያልተሳካ ትዕዛዝ ስክሪፕቱን እዚያው ያስቆመዋል፡፡

ቁጥሩን የማያነብ ስክሪፕት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የዓለም ትላልቅ ኩባንያዎችም አይተውታል፡፡ ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ባለሙያዎች አገልግሎት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያው በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ ሲሰርዝ ወደ ቅጂዎቹ ሮጠ፡፡ በየዕለቱ ይወሰዳል የተባለው ቅጂ የለም፡፡ የመገልበጫው ፕሮግራም ከዳታቤዙ ጋር የማይስማማ የቆየ ዕትም ስለነበር በየጊዜው በስህተት ይወጣ ነበር፡፡ ስህተቱን የሚያሳውቀው ኢሜይል ደግሞ በተቀባዩ ሰርቨር ውድቅ እየተደረገ ለማንም አልደረሰም፡፡ ኩባንያው በዕድል ከስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ ሌላ ቅጂ ስለነበረው የስድስት ሰዓት ሥራ ብቻ ጠፋበት፤ ጉዳዩንም ሳይደብቅ ለሕዝብ ዘረዘረው፡፡ ፕሮግራሙ ‹‹አልቻልኩም›› ብሎ ነበር፤ የሰማው ሰው ግን አልነበረም፡፡

ከቁጥሩ ሌላ ውጤቱን ራሱን ማየትም ያስፈልጋል፡፡ አንዳንድ ፕሮግራም ሌላ ፕሮግራም ከጀርባ አስነስቶ እሱ ወዲያው 0 ብሎ ይወጣል፡፡ ብዙ የመጫኛ ፕሮግራሞች ይህ ጠባይ አላቸው፡፡ ስለዚህ ፋይሉ ራሱ ይመስክር፡፡ የማይኤስኪውኤል መገልበጫ ሥራውን ሲጨርስ በፋይሉ መጨረሻ ላይ መገልበጡ መጠናቀቁን የሚናገር መስመር ይጽፋል፡፡ የኔ ሰባት ፋይሎች አንዳቸውም ያ መስመር አልነበራቸውም፡፡ ስክሪፕቱ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ቢያነብ ኖሮ ጉዱ በመጀመሪያው ሌሊት ይታወቅ ነበር፡፡

ሌላው ጥሩ ልማድ በጊዜያዊ ስም እየጻፉ፣ ሥራው ተጠናቆ ሲረጋገጥ ብቻ ወደ እውነተኛው ስም መለወጥ ነው፡፡ እውነተኛው ስም ያለው ፋይል ካለ ሙሉ ነው፤ ሙሉ ካልሆነ በዚያ ስም የለም፡፡

ደቦ ሲሆን

አንዳንድ ጊዜ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ማስጀመር ይጠቅማል፡፡ አራት ቅርንጫፍ ካለ አራቱንም ዳታቤዝ ተራ በተራ ከመገልበጥ አራቱን ባንድ ላይ አሰማርቶ መጨረሻ ላይ መጠበቅ ጊዜ ይቆጥባል፡፡ እንደ ደቦ ነው፡፡ ሁሉም በየመደቡ ያጭዳል፤ ነዶው የሚከመረው ግን ሁሉም ሲጨርስ ነው፡፡

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፡፡ በባሽ ሼል ‹‹ዌይት›› ብቻውን ሲጻፍ ሁሉንም ይጠብቃል፤ ሲያበቃ ግን አንዱ ወይም ሁሉም ቢወድቁ እንኳ የሚመልሰው 0 ነው፡፡ ማን እንደተሳካለትና ማን እንደወደቀ ለማወቅ እያንዳንዱን ሲያስጀምሩ መለያ ቁጥሩን መያዝ፣ በኋላም በየቁጥሩ መጠበቅና መጠየቅ ግድ ነው፡፡

እስከ መቼ?

‹‹እስኪጨርስ ጠብቅ›› ማለት በራሱ አደጋ አለው፡፡ ኔትወርክ ተቋርጦ፣ ወይም ፕሮግራሙ ‹‹አዎ ወይስ አይ?›› ብሎ ሰው በሌለበት ሌሊት መልስ እየጠበቀ ከሆነ ጨርሶ አይመለስም፡፡ ስክሪፕቱ ተቀምጦ ይነጋል፤ በማግሥቱ ሌሊት ሌላ ስክሪፕት ተነስቶ ከፊተኛው ጋር ይላተማል፡፡

ስለዚህ ጥበቃ ገደብ ይኑረው፡፡ በሊኑክስ ‹‹ታይምአውት›› የሚባለው ትዕዛዝ የተሰጠው ጊዜ ሲያልፍ ፕሮግራሙን አስቁሞ 124 የሚል ቁጥር ይመልሳል፡፡ በፓይተንም ተመሳሳይ ማዘዣ አለ፡፡ ስሙ በዊንዶውስ ካለው የማስተኛ ትዕዛዝ ጋር አንድ ቢሆንም ሥራቸው የተለያየ መሆኑን ልብ ይሏል፡፡ በዊንዶውስ የሥራ መርሐ ግብር ማስያዣ ውስጥ ደግሞ አንድ ሥራ ምን ያህል ከቆየ እንዲቋረጥ የሚወስን ቦታ አለ፡፡ ካልነኩት የሚፈቅደው 3 ቀን ነው፡፡ ለሌሊት ቅጂ 3 ቀን ብዙ ስለሆነ ማሳጠር ይገባል፡፡

ገደብና ጥበቃ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ለማየት የአገራችንን የጤና ሪፖርት ማየት ይበቃል፡፡ የሪፖርቱ ወር ከአንዱ ወር 21 እስከ ተከታዩ ወር 20 ነው፡፡ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሌሞ ወረዳ፣ ከወረዳው ወደ ሐዲያ ዞን፣ ከዞኑ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወደተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ ከዚያም ወደ ጤና ሚኒስቴር ይወጣል፡፡ የላይኛው የታችኛውን ይጠብቃል፤ ግን ለዘላለም አይጠብቅም፡፡ ለዚህም ሲባል ሪፖርቶች በሁለት ነገር ይመዘናሉ፤ በሙሉነትና በወቅታዊነት፡፡ ከአሥር ጤና ኬላ ስምንቱ ብቻ ከላኩ ድምሩ ስምንት ብቻ እንደላኩ አብሮ መናገር አለበት፡፡ ያለዚያ ያልተላከው ወባ እንዳልተከሰተ ወባ ይቆጠራል፡፡ ስክሪፕትም ጊዜው ሲያልፍበት ‹‹ይህን ያህል ደርሶኛል፣ ይህን ያህል ቀርቷል›› ብሎ መጮህ አለበት፡፡

ፍላሹን ሳይነቅሉ

የመጨረሻው ጥበቃ ብዙዎቻችን በየቀኑ የምንዘለው ነው፡፡ ‹‹ተገልብጧል›› የሚለው መልዕክት ሲታይ መረጃው ፍላሹ ውስጥ ገብቷል ማለት ላይሆን ይችላል፡፡ ኮምፒውተሩ ጊዜ ለመቆጠብ የተጻፈውን በጊዜያዊ ማኅደር ይዞ ቀስ እያለ ያወርደዋል፡፡ በዚህ መሐል መብራት ቢጠፋ ወይም ፍላሹ ቢነቀል የቀረው ይጠፋል፡፡ በሊኑክስ ‹‹ሲንክ›› የሚለው ትዕዛዝ ሁሉም ወርዶ እስኪያልቅ ያስጠብቃል፡፡ በማንኛውም ሥርዓት ደግሞ ‹‹በሰላም አውጣ›› የሚለውን ሳይጫኑ ፍላሽ አለመንቀል ነው፡፡ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ዩፒኤስ የሌለው የሌሊት ቅጂ ዕድሉን እየሞከረ ነው፡፡

ዛሬ ሌሊት

የማኅበሩን ስክሪፕት እንደገና ጻፍኩት፡፡ አሁን ትዕዛዙን ይሰጣል፣ ይጠብቃል፣ የመውጫ ቁጥሩን ያነባል፣ የፋይሉን የመጨረሻ መስመር ይፈትሻል፣ ከዚያ ብቻ ወደ ፍላሹ ይወስዳል፡፡ አንዱ ካልሆነ የድሮውን ቅጂ አይነካም፤ ጠዋት ኮምፒውተሩን የሚከፍት ሰው ፊት ላይ ትልቅ የስህተት ጽሑፍ ይጠብቀዋል፡፡ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይከፈትና የጥቂት አባላት ሒሳብ ከደብተራቸው ጋር ይመሳከራል፡፡ ይህን የመጨረሻውን ያስጨመሩት የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፡፡ ‹‹እኔ ማሽኑ ያለውን አላምንም፣ ደብተሩን አምጡልኝ›› ይላሉ፡፡ ትክክል ናቸው፡፡

‹‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል›› ይባላል፡፡ በየመሥሪያ ቤታችሁ ‹‹በራሱ ይሠራል›› የሚባል ነገር ካለ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት የጻፈውን ባለሙያ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፡፡ እስኪጨርስ ይጠብቃል ወይ? እንዴት እንደጨረሰ ይጠይቃል ወይ? ሳይጨርስ ቢቀርስ ለማን ይናገራል? ሦስተኛው ላይ ‹‹ለማንም›› የሚል መልስ ከመጣ ቅጂ አላችሁ ብላችሁ አትመኑ፡፡